ሊጡ ውስጥ የደበቅኩት

ዶክተር ሐዲስ ከቀረ ዛሬ አስራ አንደኛ ቀኑ ነው። እኔ አልቆጠርኩም። የምትቆጥረው ሀይፋ ናት።

"አስራ አንድ" አለችኝ ጠረጴዛ እየወለወለች። "ሞቶ ከሆነ ሰልስቱም አልፏል፣ ለቅሶም አልደረስን።"

"ሥራሽን ሥሪ።"

"እጄማ እየሠራ ነው። ሥራ የፈታው አፌ ነው።"

ሀይፋ የስልጤ ሴት ናት። ከእኔ አስር ዓመት ትበልጣለች፤ ሁለት ባል አባርራ ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ሰፈር ስትገባ ከምላሷ ሌላ ያመጣችው ንብረት የለም። ሮኪ ጎዳና ላይ ባለችው ስድስት ጠረጴዛ ቤቴ እሷ ከፊት ናት፣ እኔ ከኋላ። በሩ ላይ "ኤርጎጌ ኑድል" ይላል። ስሜን በትልቁ ነው ያስጻፍኩት፣ ከሆሳዕና ወዲያ ያለችው መንደሬ ድረስ እንዲነበብ።

ማንም አላስተማረኝም። ጆሃንስበርግ የመጣሁት በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወንድሜ ሀቢሶ ቶኮዛ ባለው፣ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቁ ዳቦና ሳሙና እንድሸጥለት ነበር። ዓመት ሳይሞላኝ አኩርፌው ወጣሁና ሲሪልዲን፣ ቻይኖች ሰፈር፣ ሰሃን አጣቢ ሆንኩ። እዚያ ቤት ኑድል የሚስብ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ነበር። ሊጡን በሁለት እጁ ይዞ አንዴ ሲያወናጭፈው ሁለት ይሆናል፣ ደግሞ አራት፣ ደግሞ ስምንት፤ መጨረሻ ላይ እጁ መሃል የፀጉር ጉንጉን ይመስላል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ሰሃን አጥባለሁ፤ ዐይኔ ግን ከፍሪጁ በር አይነቀልም፤ ብረቱ እንደ መስታወት እጆቹን ያሳየኛል። ቤት ስገባ በእርጥብ ፎጣ እለማመዳለሁ። ሰርቄ ነው የተማርኩት። ሌባ ከሩቅ የሚሸተኝ ለዚህ ነው።

ሽማግሌው ሲነቃብኝ አልተቆጣም። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው "ትከሻሽን ተጠቀሚ" አለኝ፣ በቃ። እሱ አገር ኑድሉ በበሬ አጥንት መረቅ ነው። ዱባይ ያለው የወንድሙ ልጅ በበግ ይሠራዋል። እዚህ ደግሞ የታክሲ ሾፌሮቹ ቻካላካ፣ ያንን የሚያቃጥል የአትክልት ወጣቸውን፣ ካልጨመርክበት አንበላም ይሉታል። ይሄ አያናድድህም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "ቃሪያም ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነበር" አለኝ። "ዛሬ ያለ እሱ የሚበላ ሰው ካለ አምጪና አሳዪኝ።"

እኔም እንደፈለግኩ ለወጥኩት። እነሱ ሰሊጥ ፈጭተው በሚለውሱበት እኔ ሱፍ አደረግኩ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ከላይ ሚጥሚጣ። ሊጡ ላይ ደግሞ ሽማግሌው ቢያየኝ የሚረግመኝን ነገር ሠራሁ። የእሱ ዱቄት ከአገሩ የሚመጣ ጠንካራ ነው፤ የእኔ ከሱፐርማርኬት ነው፣ ስስበው ይበጠሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሊጥ ስጥል ከረምኩ። በመጨረሻ እንቁላል ሰበርኩበትና ያዘ። ስንት እንቁላል፣ መቼ፣ እንዴት፣ ይህን ከእኔና ከሀይፋ በቀር የሚያውቅ የለም። ማዶ ያለው ኮንጎአዊ ሁለቴ ሊቀዳኝ ሞክሮ ሁለቴም የወጣለት ገንፎ ነው።

እንግዲህ ዶክተሩ የመጣው እዚህ ቤት ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሜኑውን ዐይቶ "ይሄ ፓስታ የጾም አለው?" አለ።

"ፓስታ ከፈለጉ ጣሊያኖቹ ጋ ይሂዱ" አልኩት ከወጥ ቤት ሳልወጣ። "እዚህ ኑድል ነው። ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ በሱፍ ነው።"

ሳቀ። በሰው ንግግር ሳይሆን በራሱ ጥፋት የሚስቅ ሰው ሳቅ ነበር። አንድ ጉርሻ ጎረሰና ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። "እናቴ የምትሠራው የሱፍ ፍትፍት ነው" አለ። "ገመድ ሆኖ መጣብኝ።"

ከዚያ በኋላ ረቡዕና ዓርብ ይመጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቀኑ ሆነ፤ ሁልጊዜ በዘጠኝ ሰዓት። ሁልጊዜ ከኋላ፣ ወጥ ቤቱን የሚያየው ወንበር ላይ። ይህ ነገር መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ከነከነኝ። ምሳ ሰዓት ቤቱ ሱቅ ባለቤቶችና የታክሲ ሾፌሮች በ"ሳውቦና" ሰላም እየተባባሉበት ጫጫታው አያሰማም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ዝንብም የለ። የኬንሲንግተን ቤት፣ የሆስፒታል ባጅ፣ ቋሚ የመኖሪያ ወረቀት ያለው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት እየመረጠ እኔ ቤት የሚገባው ለምንድን ነው? ሰው እንዳያየው ነው። ሌላ ምን አለ?

"እንዲህ ተንኮል የምታስቢው ኑድል እየሳብሽ ነው?" ትለኛለች ሀይፋ። "እኔ እንደሆንኩ አይከፋኝም። ቆንጆ ሰው ተደብቆም ይምጣ።"

ደግሞ ትንሽ ደብተር አለችው። ይበላል፣ እጆቼን ያያል፣ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው "የታማሚ ነገር ነው" ይለኛል። ዐይኑ እጄ ላይ ነው፤ ታማሚው እኔ ነኝ?

አንድ ቀን እንፋሎት አንጓዬን አቃጠለኝ። ከወንበሩ መቼ እንደተነሳ አላየሁም። ክንዴን ይዞ ቧንቧ ስር አደረገውና አስር ደቂቃ ሙሉ ሳይለቀኝ ቆመ። አስር ደቂቃ መሆኑን የማውቀው የግድግዳውን ሰዓት ሳይ ስለነበር ነው፤ እሱን ማየት ስላልቻልኩ። ሲለቀኝ "ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ አትበዪኝ" አለ። "እሺ ዶክተር" አልኩት። "ዶክተርም አትበዪኝ።" ያን ቀን የሳብኩት ኑድል ሁሉ ወፍራምና ቀጭን ሆኖ ወጣ።

እና ይሄው ቀረ። አስራ አንድ ቀን።

*

በአስራ ሁለተኛው ቀን እህቱ መጣች።

ሳትናገር ነው ያወቅኳት፤ ቅንድቧ የእሱ ነው። ሳንድተን ባንክ ውስጥ እንደምትሠራ ነግሮኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ላይ ድንኳን እንደያዘች ነግሮኛል፤ ምን እንደምትሸጥ ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ግን ድንኳኑና የእሱ ደብተር ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኙ። ወንድም ይጽፋል፣ እህት ትሸጣለች።

"ዮአዳን እባላለሁ" አለች፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ። "ሐዲስ የሚበላውን አምጪልኝ።"

አመጣሁላት። ሹካውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሊጡ በምን በምን ነው የሚቦካው?"

ይኸው! ሰላም ሳትለኝ፣ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ፣ ቀጥታ ሊጡ ላይ።

"ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው" አልኳት።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ይኖራል?"

"ተረጋግተሽ መልሺልኝ። ለእኔ ብለሽ አይደለም።" ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ የምትለምነኝ ይመስል ነበር። ሌባ ሲለምን ደግሞ የበለጠ ያስፈራል።

"ሌላው እጄ ነው" አልኳት። "እሱን ገበያ ላይ አታገኚውም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ ብጠብቅ ያየሁት ሌላ ነው፣ የሆነ ነገር ሲወድቅ የሚያይ ሰው ፊት። ሳህኑን ሳትነካ ተነሳችና ወጣች።

ሀይፋ ሳህኑን ስታነሳ "እንቁላሉስ?" አለችኝ።

"ዝም በይ።"

"ዝም ብያለሁ። እንቁላሉ ግን እንደሆነ አለ።"

አሸንፌያለሁ። ሚስጥሬን ከባንክ ሠራተኛ አፍ አትርፌያለሁ። ታዲያ ማታውን ሁለት ሊጥ አበላሽቼ የጣልኩት ለምንድን ነው?

*

ደብዳቤውን ያመጣችውም እሷ ናት፣ ከሁለት ቀን በኋላ። በር ላይ ለሀይፋ ሰጥታት ሄደች። በዚህ ዘመን ወረቀት የሚጽፍ ሰው! ቴክስት ያልላከው ለምንድን ነው? ስልኩን የምታይበት ሴት ስላለች ነው አልኩ። ከዚያ ከፈትኩት። የሐኪም ጽሕፈት አይደለም፤ አንድ አንድ ፊደል ተጠንቅቆ የተጻፈ ነው።

"ኤርጎጌ፣

የዛሬ ሁለት ሳምንት በማለዳ በጓሮ በርሽ መጥቼ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ዱቄት ላይ እንቁላል ስትሰብሪ ቆሜ አየሁሽ። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ከሆስፒታል እየሮጥኩ የምመጣው አንቺ ጋ ነበር። ጾሜን የምፈታውም በአንቺ እጅ። የጾም ነው ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነው አንድ ብዬ የጀመርኩት። ለካ በየቀኑ እያስገደፍሽኝ ነው።

ሰው ይሳሳታል አልኩ። ራሴ መጥቼ እንዳልጠይቅሽ መልስሽን ፈራሁ፤ ዮአዳንን ላክኋት። ዐይኗን እያየሽ ዋሸሻት። ያኔ አንድ ቀን 'ጾም ማለት ኤርጎጌ ቤት ሁለት ሳህን መብላት ነው እንዴ' ብለሽ ስትስቂ ትዝ አለኝ። እኔም አብሬሽ ስቄ ነበር።

እንደ እኔ እመኚ አላልኩሽም። በእኔ ግን መቀለድ አልነበረብሽም። ደህና ሁኚ።

ሐዲስ"

መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። "ጓሮ በር ላይ ቆሞ ይሰልለኝ ነበር!" አልኩ።

ሀይፋ ማንበብ አትወድም፤ አንብቢልኝ አለች፤ አነበብኩላት።

"እንቁላል አይበሉም እንዴ በጾም?"

"እንቁላል አይበሉም። ይሄ ግን እንቁላል አይደለም፣ ሊጥ ነው! ጠፍቷል እኮ ውስጡ! ማን ያየዋል?"

ሀይፋ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስትቀልድ አይደለም የምታስቀምጠው።

"ስሚኝ ኤርጎ። የአሳማ ስብ የገባበት ዳቦ አምጥተሽ፣ ጠፍቷል ውስጡ፣ ዳቦ ነው ብለሽ ብትሰጪኝ፣ በዚህ መጥረጊያ ነበር የማናግርሽ።"

ደብዳቤውን አጠፍኩት።

እኛ ጴንጤዎቹ ቤት ጾም ማለት ጸሎት ነው፤ ቀኑን ሙሉ አትበላም፣ ማታ ያገኘኸውን ትበላለህ። ኦርቶዶክሶቹ ሥጋና ወተት እንደማይነኩ አውቃለሁ፤ እንቁላልም ተቀቅሎ ቢቀርብ እንደማይበሉ አውቃለሁ። ሊጥ ውስጥ የገባው ግን ለእኔ እንደ ጨው ነበር። መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ስለማላውቀው ነገር አልጠይቅም፤ የተማርኩት በፍሪጅ በር እያየሁ ነው።

ዘጠኝ ሰዓትስ? ከሰው የሚደበቅ መስሎኝ ስንት ቀን ሙሉ ያማሁት ሰው፣ ለካ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን ጠብቆ የእኔን ሳህን ሊቀድስ ይመጣ ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ሊጡ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረግኩበት። ላየው አልቻልኩም።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኬንሲንግተን ሄድኩ። በራፉ ላይ በኤሌክትሪክ ሽቦ የታጠረ ግንብ፣ የሚጫን ቁልፍ፣ የሚያናግር ቀዳዳ።

"ማነው?" አለ የዮአዳን ድምፅ ከቀዳዳው።

"የኑድል ቤቷ።"

በሩ እስኪከፈት ድረስ ሦስቴ ተመልሼ ልሄድ አሰብኩ፤ ሦስቴም ከታክሲ ፌርማታው ጋር ተጣላሁ፣ ለምን ራቀ ብዬ።

ሐዲስ ሳሎን ውስጥ ነበር። ከስቷል። ሲያየኝ ተነሳ፣ ከዚያ መነሳቱን የተጸጸተ ይመስል ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወንበር ሳብ አላደረገልኝም። እኔም አልጠበቅኩም።

"ልለምንህ አልመጣሁም" አልኩት።

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

ወደ ዮአዳን ዞርኩ። በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

"ለአምስት ኪሎ ዱቄት ሃያ ሁለት እንቁላል" አልኳት። "አስራ ስድስቱ ከነነጩ፣ ስድስቱ አስኳል ብቻ። ጨው ሁለት እፍኝ አይሞላም። ቤኪንግ ሶዳውን መጀመሪያ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ታደርቂዋለሽ፣ ከዚያ በውሃ ትበጠብጪዋለሽ፣ ሊጡን እንዲለጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። አርባ ደቂቃ ታሺዋለሽ፣ ታሳርፊዋለሽ፣ እንደገና ታሺዋለሽ። ውሃው ለብ ያለ..."

"ምንድን ነው የምታወራው?" አለች ዮአዳን ወንድሟን እያየች።

"የሊጤን አሠራር ነው። ልትሰርቂኝ የመጣሽ መስሎኝ ነው የዋሸሁሽ። እንቁላሉን ከእሱ አይደለም የደበቅኩት፣ ካንቺ ነው። ይኸው አሁን ያንቺ ነው። ከፈለግሽ ቅዳሜ ገበያሽ ላይ ሽጪው።"

"እኔ?" አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። "እኔ የምሸጠው ሻማ ነው!"

"ሻማ?"

"ሽታ ያለው ሻማ። እንቁላል መጥበስ አልችልም እኮ የኔ እህት!"

"እውነቷን ነው" አለ ሐዲስ፣ ከንፈሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ያዘው።

"ደብተሩስ?" አልኩት። "እጄን እያየህ የምትጽፈው?"

"የታማሚዎቼን ነገር። ብዬሽ ነበር።" ዐይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። "እጅሽን የማየው ለሌላ ነው።"

ፊቴ ነደደ፤ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር፣ ካቋረጥኩ መልሼ እንደማልጀምር አውቃለሁ። "እንቁላል ሊጥ ውስጥ ገብቶ ጾም እንደሚያስገድፍ አላወቅኩም። የቀለድኩብህ ቀን የእውነት ቀልድ ነበር፣ ሳህን ስለጨመርክ ደስ ብሎኝ። ያው ይሄ ነው። ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም፣ ማንም አላስተማረኝም። ቃሉ እንዴት እንደሚባል ካወቅህ አንተው ጨምርበት።"

ወለሉን እያየ ተናገረ።

"የንስሐ አባቴ ዐርባ ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ። እያንዳንዱን ስሰግድ አንቺን እየተቆጣሁ ነበር። ይህን ስነግራቸው፣ ልጄ ያ አይቆጠርም፣ እንደገና ጀምር አሉኝ። ሦስቴ ጀመርኩ።"

"ጨረስክ?"

"ሃያ ሁለት ላይ ነኝ።"

ዮአዳን ሳቋን በአፍንጫዋ አፈነችው። እኔ አልሳቅኩም። አንድ ሰው በእኔ ተናዶ ከወለል ሲነሳና ሲወድቅ ከርሟል። እንደዚህ አድርጎ የተናደደብኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

"አንድ ነገር ንገሪኝ" አለ። አሁን ዐይኔን ያያል። "ያን ጊዜ ዮአዳን ሳትሆን እኔ መጥቼ ብጠይቅሽስ? እውነቱን ትነግሪኝ ነበር?"

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። አዎ ብል ያምነኛል፤ ማመን ይፈልጋል፤ ፊቱ ላይ ተጽፏል።

"አንተንም እዋሽህ ነበር" አልኩት።

ፊቱ ወደቀ። እኔ ግን አላቆምኩም።

"ያለኝ ነገር አንድ ነው፤ እሱም እጄ ነው። የሚጠጋኝ ሁሉ እሱን ሊወስድ የመጣ ይመስለኛል። አንተም። አሁንም፣ እዚህ ቆሜ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው እያልኩ ነው። ይሄ ቶሎ አይለቀኝም ሐዲስ። ካልቻልክ አሁን ንገረኝ፣ ታክሲዬ ሳይሄድ።"

ስሙን ያለ ዶክተር ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ሁለታችንም ሰማነው። ዮአዳንም ሰማችው መሰለኝ፣ "ውሃ ላምጣ" ብላ ወጣችና ውሃውን ይዛ ሳትመጣ ቀረች።

"ተራዬ ነው አሁን" አልኩት ድምፄን ጠንከር አድርጌ። "በዚያ ማለዳ ጓሮዬ ምን ትሠራ ነበር?"

ዶክተሩ፣ በየቀኑ ሰው የሚያድነው፣ እንደ ተማሪ እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ።

"ሽማግሌ የሚላከው ለማን እንደሆነ ልጠይቅሽ ነበር። አባትሽ አገር ቤት ናቸው። እዚህ ማን እንደሚቆምልሽ አላወቅኩም። ሰው ሳይኖር ልጠይቅሽ ብዬ ነው በማለዳ የመጣሁት።"

ሳቅ ፍለጋ ፊቱን መረመርኩ። ግንባሩን፣ ዐይኑን፣ የአፉን ጥግ። አንድም አላገኘሁም፤ ባገኝ ይሻለኝ ነበር፣ በሳቅ ላይ መቆጣት እችልበታለሁ።

"ወንድሜ ሀቢሶ ነው" አልኩት። "የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ እናንተን ኦርቶዶክሶቹን አይወድም፤ ፎቅ የሚኖር ሰው አይወድም፤ እኔንም ካኮረፍኩት ወዲህ ብዙ አይወደኝም።"

"ሽማግሎቹን ያስገባቸዋል?"

"አያስገባቸውም።"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሊተወው ነው አልኩ በልቤ፤ ይኸው አሁን ይተወዋል፤ እኔም ወደ ዮቪል ተመልሼ ማንም አይፈልገኝም እያልኩ ሊጥ እጨብጣለሁ፤ ልክ ነበርኩ እያልኩ።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለ። አልተነሳም። ከመቀመጫው ወደ ፊት ጠጋ አለ እንጂ።

ከአፌ የወጣውን እኔም ስሰማው ነው ያወቅኩት።

"ሱቁ ፍርግርግ አለው" አልኩት። "ዳቦም ሳሙናም የሚሸጠው በዚያ ነው። በሩን ባይከፍትላቸው በፍርግርጉ ያናግሩት፤ ደንበኛ ቆሞ ጥሎ መግባት አይችልም። ማለዳ ይሂዱ ግን፣ ዳቦ ገዢ ሳይበዛ። ደግሞ ከእነሱ አንዱ ሀዲይኛ የሚችል ይሁን።"

ይህን ብዬ ወንበሩን ራሴ ስቤ ተቀመጥኩ። ያስቀመጠኝ ደስታ ይሁን ፍርሃት፣ እስካሁን አላጣራሁም።